የእጅ ውኃ የሚጠጣው ብረት

ሰማዩ ከሐይቁ በኩል ማጉረምረም ሲጀምር ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ካለችው መሰኪያ የስልኩን ሽቦ እነቅልና ጫፉን ጠረጴዛው ላይ አጋድመዋለሁ። የሞደሟ መብራቶች ድርግም ብለው ይጠፋሉ። ወዲያው ልጄ ከክፍሉ ሆኖ፣ "እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ?" ይላል። ሥራው በኮምፒዩተር ነው፤ እዚህ ቁጭ ብሎ ከየት አገር ሰው ጋር እንደሚጻጻፍ እግዜር ይወቀው። መብረቅ የሚመክት ማከፋፈያ ገዝቶ አስገብቷል። ዋስትና አለው፣ ቢቃጠል ይተኩልናል ይለኛል። ይተኩለት። ዕቃ ሲተካማ ስንቱን አይቻለሁ። እኔ የምነቅለው ለዕቃው ብዬ አይደለም፤ ይህን ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልነገርሁትም ነበር።

ከፊት ለፊቴ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ጥሩወርቅ ትቀመጣለች። ስነሣ ታየኛለች። አብራኝ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው። የዚህ ሁሉ ነገር ምንጩ እሷ ስለሆነች፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የመራዊ ልጅ ነኝ። አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ በስልክ ኦፕሬተርነት ሠልጥኜ ባሕር ዳር ተመደብሁ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይበቃ ነበር፤ መዋጮው ሲበዛ ደግሞ አይበቃም ነበር። ቢሆንም ሥራውን ወደድሁት። ከፊቴ ቦርድ የምንለው ትልቅ የእንጨት ሣጥን ይቆማል። በቦርዱ ላይ ለእያንዳንዱ መስመር አንዲት ትንሽ የብረት ክዳን አለች። ከቁንዝላ ወይም ከአንበሳሜ ሰው ሲደውል የዚያ መስመር ክዳን ጠቅ ብላ ትወድቃለች፤ እኔ ገመዴን እሰካና "ባሕር ዳር!" እላለሁ። ስማችን እሱ ነበር። የየጣቢያው ኦፕሬተሮች እርስ በርሳችን የምንጠራራው በአገሩ ስም ነው፤ እኔ ባሕር ዳር፣ እሷ ቁንዝላ።

ቁንዝላ ጥሩወርቅ ነበረች። እናቷን ይዛ የምትኖር፣ ሳቂታ፣ ነገር የማያመልጣት ልጅ። መልኳን ከማየቴ በፊት ድምፅዋን ነው ያወቅሁት። በመስመሩ ንፋስ መሃል የሰውን አተነፋፈስ ሰምታ ማን እንደሆነ ትለይ ነበር። አንድ ቀን ገና አፌን ሳልከፍት፣ "ዛሬ አኩርፈሻል፤ ማን አስከፋሽ?" ብላ አስደነገጠችኝ። እንጀራዋም፣ የእናቷም እንጀራ፣ ጆሮዋ ነበር።

ቦርዱን በያዝሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የቁንዝላ ክዳን ወደቀች። ሰክቼ "ባሕር ዳር!" ብል መልስ የለም፤ ጨው እሳት ላይ ሲጣል የሚንጣጣውን የመሰለ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ዘግቼ ሳነሣት ደግማ ወደቀች። ደግሜ ልሰካ ስል ከኋላዬ አንድ ሰው እጄን ያዘኝ። የጥገናው ኃላፊ ጋሽ ልየው ነበሩ።

"ማዳመጫሽን አውልቂ፣ ልጄ" አሉኝ። "የሚደውለው ሰው አይደለም።"

በመስኮት አየሁ፤ በባሕር ዳር ላይ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። ጋሽ ልየው ግን ቁንዝላ ላይ ደመናው መቆሙን ከክዳኗ አውቀዋል። ለካ ረጅም የስልክ ሽቦ ደመና ሲቀርበው ራሱ ይደውላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ጥሩወርቅ አንድ ቃል ተስማማን። ክዳኗ በራሷ ከወደቀች እኔ "ቁንዝላ፣ መጣ" እላለሁ፤ ወይ እሷ ትቀድመኛለች። ከዚያ ሁለታችንም መስመሩን ከቦርዱ የሚለየውን እጀታ ወደ ታች ስበን ከክፍሉ እንወጣለን። ሲያልፍ እንመለሳለን። ሌላ ወግ አያስፈልግም ነበር።

ስለ ጋሽ ልየው ብዙ መናገር እችላለሁ። የዳንግላ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን በበጋም የማይፈቱ፣ ነገር የሚያጠብቁ። መሣሪያ ሲፈቱ አጠገባቸው ያወራ ሰው ወዮለት። ሰማዩን አንጋጥጦ የሚያይ ሠራተኛ ደግሞ ያናድዳቸው ነበር። "ሰማዩን ምን ታደርጉታላችሁ? መሬቱን አሳዩኝ" ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስልክ ሽቦ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ሁለት የከሰል ቁራጮች ፊት ለፊት በተቀመጡበት ሣጥን ውስጥ ያልፋል። በከሰሎቹ መካከል የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት አለ። የሰው ድምፅ የሚሄድበት ጉልበት ያን ክፍተት መዝለል አይችልም፤ መብረቅ ግን ይዘላል። ዘሎ በወፍራም ሽቦ ወርዶ፣ ኧርዝ የምንለው መሬት ውስጥ የተተከለ የመዳብ ዘንግ ላይ ይደርስና እዚያው ይቀራል። ጋሽ ልየው ከሰሎቹን አውጥተው ያሸቷቸው ነበር። መብረቅ ያለፈበት ከሰል ሽታው ሌላ ነው ይላሉ፤ እኔ ብዙ ዓመት አሽትቼ ነው የለየሁት። ቀጭን ወረቀት በመካከላቸው አሳልፈው ይጠርጓቸዋል፤ የተነደለ ካገኙ ይለውጡታል።

ግን ከሰሉ ምን ቢጠራ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ዋጋ የለውም። ደረቅ መሬት መብረቅን አይቀበልም፤ ያልተቀበሉት እንግዳ ደግሞ ወደመጣበት ይመለሳል፣ ማለትም ወደ ቦርዱ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሐምሌን ሲፈራ ጋሽ ልየው ሚያዝያን ነበር የሚፈሩት። የበጋው ፀሐይ መሬቱን አድርቆ ከጨረሰው በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ደመና ነው ገዳዩ ይሉ ነበር።

መድኃኒቱ ውኃ ነው። በየጊዜው ከሐይቅ ውኃ እያስቀዱ ማጠጣት ግን ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ጋሽ ልየው አንድ ልማድ አመጡ። የእጅ መታጠቢያ ውኃ ኧርዙ ላይ እንዲፈስ አደረጉ። በየጣቢያው፣ ስልክ በገባበት ቤት ሁሉ፣ "በልታችሁ ስትታጠቡ እዚህ ታጠቡ" እያሉ ዞሩ። ሰው ቤት ተጋብዘው የቤቱ እመቤት ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዛ ስትመጣ፣ "እትዬ፣ እዚያ ውጭ ያፍስሱልኝ" ይሉና ብረቱ ዘንድ ቁጢጥ ብለው ይታጠባሉ። ሰው ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አያስረዱም። እውነቱን ለመናገር፣ ማስረዳት አለመውደዳቸው ጎድቶናል።

የቁንዝላ ጣቢያ ሐይቅ ዳር ቢሆንም ቢሮው ከወደቡ ከፍ ብሎ ድንጋያማ ጉብታ ላይ ነበር። መሬቱ ከኅዳር ጀምሮ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ቦርዳቸው ተበላሽቶ ከጋሽ ልየው ጋር በጀልባ ሄድሁ፤ ጥሩወርቅን በዓይኔ ያየኋት ያኔ ነው። እንደገመትኋት አልነበረችም፤ አጭር፣ ጠይም፣ ዓይኗ የሚስቅ። ጋሽ ልየው ዘንጉን አሳይተው፣ አንቺ ስትታጠቢ እዚህ፣ እናትሽም እዚህ፣ እንግዳም ቢመጣ እዚህ አሏት። እሷ ደግሞ ሥራ ስትወድ! ፊቷንም እዚያው መታጠብ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ከመክፈቷ በፊት፣ በጣሳ ውኃ ይዛ፣ ብረቱ ፊት በርከክ ብላ ትታያለች።

አንድ በጋ አልፎ ሌላው ሲመጣ፣ ጉብታው ሁሉ እንደ አመድ ሲነጣ፣ በዘንጉ ዙሪያ ብቻ ሣር ለምልሞ ነበር። ለካ የቁንዝላ ሰው ይህን ሁሉ ያያል። ሴት ልጅ በየጠዋቱ አንድ ብረት ፊት ተንበርክካ ውኃ ታፈሳለች፤ በብረቱ ዙሪያ ሣሩ አይደርቅም፤ ከዚያ ብረት ጋር የታሰረ ሽቦ ከሩቅ አገር ሰው ያናግራል። ይህ አድባር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? "የስልኩ አድባር" አሉት። አንዷ ባልቴት ሣሩ ላይ ንፍሮ በተነች። ሌላዋ የብረቱን አናት ቅቤ ቀባችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ጥሩወርቅ ይህን ሁሉ የሰማችው ዘግይታ ነው። ቅቤውን አይታ በስልክ ስትነግረኝ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጋሽ ልየው እንኳ ፈገግ ብለው፣ "ቅቤው አይጎዳም" አሉ። ያ ሳቅ አሁን ሲታወሰኝ ያመኛል።

በዚያ ዓመት ወደ ቁንዝላ አንድ ካድሬ መጣ። ስሙን አልጠራም። ወጣት ነው፣ የነቃ ነው፣ ሌሊትና ቀን ይሠራል ይባልለት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም እንዳልል ጥሩወርቅ ትታዘበኛለች፤ ስለዚህ አልልም። ባዕድ አምልኮና ኋላቀር ልማድ ይጥፋ ተብሎ ዘመቻ ነበር፤ የመንደሩን አድባር ዛፎች አስቆረጠ። ከዛፎቹ ቀጥሎ ጆሮው የገባው የስልኩ አድባር ነው። በመንግሥት ቢሮ ግቢ፣ በመንግሥት ሠራተኛ እጅ! ጥሩወርቅ ለመብረቅ ነው ብላ ብታስረዳው "ለመብረቅ ነው የምትሰግጂው?" አላት። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሚሊሺያዎች አስመጥቶ ዘንጉን አስነቀለ። ሕዝቡ ተመልሶ እንዳይተክለውም ከጀልባ ላይ ሐይቁ ውስጥ አስጣለው።

ጥሩወርቅ ደውላ ስትነግረን ጋሽ ልየው አጠገቤ ቆመው ነበር። ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና "ሽቦውስ?" ብለው ጠየቁ። ሽቦው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ጫፉ አየር ላይ ቀርቷል አለቻቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ወሩ መጋቢት እያለቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሩጫ እኔ ነኝ የማውቀው። አዲስ ዘንግ ከመጋዘን ጠየቁ፤ የለም ተባሉ፤ ከአዲስ አበባ ይጠየቅ ተባለ። ከአዲስ አበባ፣ የቀድሞው የት ደረሰ የሚል ጥያቄ መጣ። እውነቱን ቢጽፉ የካድሬውን እርምጃ መቃወም ይሆናል፤ ጠፋ ቢሉ ጥሩወርቅ ልትጠየቅ ነው። አለቃችን ነገሩ እስኪበርድ ጠብቁ አሏቸው። ጋሽ ልየው መጠበቅ አልቻሉም። ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ አንድ ዘንግ አስቆረጡ፤ መዳብ ባይሆንም ካለመኖር ይሻላል። መኪናው ነዳጅ የለውም ተብለው፣ በእሑዱ ጀልባ ራሳቸው ይዘውት ሊሄዱ ተነሡ። ጥሩወርቅን ደግሞ እስከዚያ ድረስ ገና ክዳኗ ስትነቃነቅ እጀታውን ስባ እንድትወጣ፣ ማንም ምንም ቢላት ሥራ ብላ እንዳትቆም አደራ አሏት። እሺ ጋሼ አለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እሑድ ሳይደርስ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የቁንዝላ ክዳን ጠቅ ብላ ወደቀች። ሰካሁ፤ ያ የጨው እሳት ድምፅ መጣ። ዕጥፍ ሆኖ ነው የመጣው።

"ቁንዝላ፣ መጣ" አልሁ።

"አውቃለሁ። መሳብ አልቻልሁም" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ካድሬው በራስጌዋ ቆሟል፤ ከአውራጃው አስተዳደር የሚመጣ ስልክ እየጠበቀ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ደመና ሲመጣ መስመሩን ስባ ስለወጣች ስልክ አምልጦታል። ዛሬ ብትስቢው አሻጥር ነው ብሏታል። አሻጥር በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቃል።

ለእሱ ስጪልኝ አልኋት። ሰጠችው። የምችለውን ሁሉ ለመንሁት፤ ጓድ፣ መስመሩ አደጋ ላይ ነው፣ ዘንጉ የለም፣ ሲያልፍ እኔው ራሴ ፈልጌ አገናኝዎታለሁ አልሁት። አልጮኸብኝም። በትሕትና ነበር የመለሰልኝ።

"ጓዲት፣ አብዮት ዝናብ ፈርቶ አይቆምም" አለና ማዳመጫውን ለጥሩወርቅ መለሰላት።

በእኔ በኩል ገመዱን ብነቅለው ለእሷ የሚጠቅማት ነገር አልነበረም፤ አደጋው ያለው በእሷ ጫፍ ነው። ስለዚህ ማዳመጫውን ከጆሮሽ አርቂው ልላት አፌን ከፈትሁ። እሷ ቀደመችኝ። "ባሕር ዳር፣ እማዬን..." አለች። ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ።

ማዳመጫውን ነጥቄ ወረወርሁት። ቦርዱ ላይ ሰማያዊ እሳት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ክዳኖቹ ሁሉ ባንድ ላይ ወደቁ። ጆሮዬ ለሁለት ቀን ጮኸብኝ፣ ከዚያ ተወኝ። የእኛ ዘንግ ግቢው ውስጥ በእጃችን ውኃ ርሶ ተቀምጦ ነበር፤ የመጣውን ተቀበለው። ያ መብረቅ ለእኔም ለእሷም የመጣ አንድ መብረቅ ነው።

ጋሽ ልየው በማግሥቱ መኪና ለምነው ሄዱ። እኔ ቦርዱን ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም ተብዬ ቀረሁ። ሲመለሱ ነገሩኝ። ከሰሎቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል፣ ቦርዱ ግማሹ ከስሏል። ጥሩወርቅን ከወንበሯ አንሥቶ ግድግዳ ላይ ጥሏታል፤ ከሁለቱም ጆሮዎቿ ደም ፈስሷል። ነፍሷ አለች። ካድሬው ማዳመጫውን እንደመለሰላት በር ላይ ወጥቶ ዝናቡን ያይ ስለነበር ምንም አልሆነም። ሆስፒታል ከርማ ወጣች፤ ጆሮዎቿ ግን አልተመለሱም። ሐኪሙ ተስፋ አለው ያለውን ግራ ጆሮ ስንት ወር ጠበቅነው። ሳትሰማ ቀረች።

የቁንዝላ ሰው አድባሩ ተቆጣ አለ። ብረቱን በነቀሉ በወሩ መብረቅ ወረደ፤ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ይህን ወሬ ለጋሽ ልየው ብነግራቸው የሚስቁ መስሎኝ ነበር።

"ስሙን ተሳስተው ይሆናል እንጂ ነገሩን አልሳቱም" አሉ። "ከእኛ ይልቅ ያከበሩት እነሱ ናቸው።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የተጠየቀው ዘንጉን ያስነቀለው ሰው አልነበረም፤ ጋሽ ልየው ናቸው። ሠራተኛውን ብረት ፊት መንበርከክ አስተምረዋል፣ ኋላቀር ልማድ አስፋፍተዋል ተባሉ። ስብሰባው ላይ ተቀምጬ ነበር። ተነሥተው ካፖርታቸውን ቆለፉና ስለ ከሰሉ፣ ስለ ደረቅ መሬት፣ ስለ ውኃው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር አስረዱ። ጥሩ አድርገው ነው ያስረዱት። ሰሚ ግን አልነበረም፤ የውሳኔው ወረቀት አስቀድሞ ተጽፏል። ወደ ጠረፍ፣ ወደ በረሃ አገር ተዛወሩ። ከመሄዳቸው በፊት ቤቴ ምሳ ጋበዝኋቸው። በልተው ሲጨርሱ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ወደ ግቢው መራኋቸው፤ ስልክ ቤቴ አልነበረም፣ ዘንግም አልነበረም። ባዶ መሬት ላይ ታጠቡ። ያኔ ነው ያለቀሱት፤ እኔም አብሬ።

አንድ ጊዜ ከቦርድ ወደ ቦርድ ተቀባብለን ድምፃቸውን አገኘሁት። በሩቅ ይሰማል፣ ይጠፋል። ሰላምታው ሳያልቅ "የቁንዝላ መሬት ረጠበ?" ብለው ጠየቁኝ። ቁንዝላ ላይ አዲስ ቦርድ ገብቷል፣ አዲስ ኦፕሬተር ተቀምጣለች፤ የተተከለው ግን ያ የውኃ ቧንቧ ነው፣ ግማሹን ዝገት በልቶታል። "ረጥቧል፣ ጋሼ" አልኋቸው። ዋሸሁ፤ አሁንም ቢሆን እዋሻለሁ። በዓመቱ በወባ ማረፋቸውን ሰማን።

ከዚያ በኋላ ቦርድ ላይ መቀመጥ አልቻልሁም። ክዳን በወደቀች ቁጥር ማዳመጫውን አውልቄ እነሣለሁ። ጥገና ክፍል ልግባ ብዬ አመለከትሁ፤ ሴት ምሰሶ ላይ ልትወጣ ነው ብለው ሳቁና ፈቀዱ። ምሰሶ ላይ አልወጣሁም፤ ከሰልና ኧርዝ ያዝሁ። የጋሽ ልየውን ቦታ ያዝሁ ማለት አልደፍርም፤ የከሰሉን ሽታ ግን ተማርሁ።

የደርግ ዘመን ሊያበቃ አካባቢ፣ ሐይቁ ዳር አንድ በውጭ እርዳታ የሚካሄድ የዓሣ ፕሮጀክት ቢሮ ከፈተ። ኮምፒዩተር አመጡ፤ ከስልክ መስመር ጋር የምትገናኝ ሞደም የምትባል ሣጥንም አብራ መጣች። በዓይኔ ያየሁት የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ነው። ግንቦት ላይ መብረቅ መጣና ሞደሟን አቃጥሎ፣ ኮምፒዩተሩን ጭምር ገደለው። ተጠርቼ ሄድሁ። ከሰሉን ፈትቼ ሳሸተው ሽታው ያው ነው፤ ከቁንዝላው የተለየ አልነበረም።

ጥፋቱን አገኘሁት። መብራቱ በአንድ ማዕዘን የራሱ ኧርዝ አለው፤ ስልኩ በሌላው ማዕዘን የራሱ አለው። ኮምፒዩተሩ በሁለቱ መካከል ተቀምጧል። መብረቁ በስልኩ ገብቶ፣ የስልኩ መሬት ደርቆ አልቀበል ሲለው፣ በኮምፒዩተሩ ሆድ አልፎ ወደ መብራቱ ኧርዝ ተሻገረ። ስለዚህ ሁለቱን መሬቶች በወፍራም ሽቦ አንድ ማድረግ፣ ከሰሉን ሽቦው ቤት በሚገባበት አፍ ላይ ማስቀመጥ፣ ከሞደሟ አጠገብ ሌላ መከላከያ መጨመር ያስፈልጋል አልሁ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ ዶክተር የሚሏቸው ጨዋ ሰው፣ አድምጠው የሚፈለገውን ጻፉ። ጊዜ አልፈጀም። ከውጭ በአውሮፕላን ሦስት አንጸባራቂ የመዳብ ዘንጎች መጡ። በአዲስ ሣጥን፣ በገለባ ተጠቅልለው።

ሁለቱን ተከልሁ። ሦስተኛው ተረፈ። ዶክተሩን፣ ይህን ቁንዝላ ለሚገኝ የስልክ ጣቢያ ብወስደው አልኋቸው። ለምን ብለው እንኳ አልጠየቁኝም።

"ተረፈ እኮ፤ ውሰጂው" አሉኝ።

ያን ዘንግ ጭኜ ላይ አጋድሜ በጀልባ ስሄድ አለቀስሁ። ከጎኔ የተቀመጡት የዘጌ ቄስ ሐዘንተኛ መስያቸው እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ። አሜን አልሁ። ጋሽ ልየው ለሰው ሕይወት ያጡትን እኔ ለኮምፒዩተር ሣጥን ከመጣው ትርፍ አገኘሁት። ዶክተሩን አልወቅስም፤ እሳቸው ምን አጠፉ? ግን አንጀቴ እርር አለ። ዛሬም እርር ይላል።

ጥሩወርቅ እናቷ ቤት ነበረች፤ ከጀልባ ለሚወርዱ ሰዎች ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። ጉብታው ላይ ስቆፍር አየችኝና መጣች። መዶሻውን ተቀብላኝ እስኪገባ ድረስ መታችው። ሽቦውን ካሰርሁት በኋላ ወደ ቤት ሄደች፤ በጣሳ ውኃ ይዛ ተመለሰችና የዓሣውን ዘይት እላዩ ላይ ታጠበች። አዲሷ ኦፕሬተር በር ላይ ቆማ ታየናለች። ጥሩወርቅ ጣሳውን እጇ ላይ አስቀመጠችላትና በጣቷ መሬቱን አሳየቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። መንግሥት ተለወጠ። ያ የሽቦ መስመር ቀረ፤ ምሰሶዎቹን ሰው ለአጥር ወሰዳቸው። እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ ባሌ ሞተ። የጥሩወርቅ እናት ስትሞት ሄጄ አመጣኋት። ካድሬው የት እንደደረሰ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ሳሎኑ ልመለስ። ጥሩወርቅ ነጎድጓድ አትሰማም። ሐይቁ ላይ መብረቅ ሲያገሳ፣ ቤቱ ሲንቀጠቀጥ፣ እሷ መስኮቱ አጠገብ ስፌቷን ትሰፋለች። የምታውቀው በእኔ ነው። እኔ ስነሣና ሽቦውን ስነቅል ታያለች፤ "መጣ?" ትለኛለች፤ "መጣ" እላታለሁ፤ ከንፈሬን አይታ ወንበሯን ከመስኮቱ ታርቃለች። ያን ዓርብ ያልሆነልን ነገር በየክረምቱ ይሆንልናል። ልጄ ግን ይህን አያውቅም፤ እሱ የሚያየው የሞደሙን መብራት ነው። አንድ ቀን በጣም ተቆጥቶ ሥራዬን አበላሸሽብኝ ሲለኝ ቁጭ አድርጌ ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ እኔም ተስፋ አላደረግሁም።

ባለፈው ሚያዝያ ጓሮ ልብስ እያጠብሁ ነበር፤ እጄ ሳሙና ውስጥ ነው። ከሐይቁ በኩል አጉረመረመ። እጄን አለቅልቄ እስክገባ ድረስ ሁለተኛው መጣ። በሩ ላይ ስደርስ ልጄ ሳሎን መሃል ቆሟል፤ ሥራውን አቋርጦ ወጥቷል። ሽቦውን ነቀለና ጥሩወርቅ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

እሷ ስፌቷን አስቀምጣ አየችው።

"መጣ?" አለችው።

ከንፈሩን እንድታይ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ አድርጎ፣ "መጣ፣ እትዬ" አላት። ወንበሯን ከመስኮቱ ሳበላት።